አሥር ሰከንድ ጨርሱ

(አኒሜሽን መሥራት ለሚፈልጉ ወጣቶች አዲስ አበባ ውስጥ የተደረገ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች ጥቂት ተስተካክሏል።)

እንደምን ዋላችሁ። አዘጋጆቹ የሰጡኝ ርዕስ «የአኒሜሽን ፍቅርን ወደ ሙያ መለወጥ» የሚል ነው። ፍቅሩማ አላችሁ። ባይኖራችሁ ቅዳሜን የሚያህል ቀን፣ ያውም ከሰዓት በኋላ፣ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ምን ትሠራላችሁ? ስለዚህ ስለ ፍቅሩ ብዙ አልናገርም። የጎደለን ሌላ ነገር ነው። ያለቀ ሥራ።

ጀማሪዎች ብዙ ጊዜ ያናግሩኛል። ሁሉም ትልቅ ሐሳብ ይዘው ነው የሚመጡት። አንዱ ዓድዋን የሁለት ሰዓት ፊልም ሊያደርገው ነው። ሌላዋ የንግሥተ ሳባን ታሪክ በተከታታይ ክፍል ጽፋዋለች። ገጸ ባሕርያቱ ስም ወጥቶላቸዋል፤ ልብሳቸው ተመርጧል፤ ፖስተር ሳይቀር ተሠርቷል። «እስቲ ሲራመድ አሳየኝ» ስል ግን ወፍ የለም። ሐሳቡ መጥፎ ስለሆነ አይደለም። ሒሳቡን ስላልሠሩት ነው።

ሒሳቡ እንዲህ ነው። ፊልም በሰከንድ 24 ፍሬም ነው፤ ፍሬም ማለት አንድ የማይንቀሳቀስ ምስል ነው። በእጅ ስትሥሉ አንዱን ሥዕል ለሁለት ፍሬም መያዝ ትችላላችሁ፤ ያኔ በሰከንድ 12 ሥዕል ይበቃችኋል። ብዙዎቹ የድሮ የካርቱን ፊልሞችም በአብዛኛው የተሠሩት እንደዚያ ነው። 12 ሥዕል በ60 ሰከንድ ሲባዛ 720 ነው። ለአንድ ደቂቃ ማለት ነው፤ ለአንድ ገጸ ባሕርይ ብቻ። የሁለት ሰዓቱን እናንተ አስሉት። በትልልቆቹ ስቱዲዮዎች እንኳ አንድ አኒሜተር በሳምንት የሚያስረክበው ጥቂት ሰከንድ ነው። በብዙ መቶ የሚቆጠር ሰው፣ ለዓመታት፣ ደመወዝ እየተከፈለው። ብቻችሁን፣ ከትምህርት መልስ፣ መብራት ባለበት ሰዓት የምትሠሩ እናንተ ደግሞ ሁለት ሰዓት ልትጨርሱ አስባችኋል።

ስለዚህ የዛሬው ምክሬ አንድ ነው። አሥር ሰከንድ ጨርሱ። መጀመሪያ፣ መሃልና መጨረሻ ያላት አሥር ሰከንድ። ድምፅ ያላት። ሰው አይቷት ፈገግ የሚልባት።

ታሪክ ከየት እናምጣ ካላችሁ፣ ቤታችሁ ሞልቷል። ምሳሌያዊ አነጋገሮቻችን የተሠሩት ለአኒሜሽን ይመስለኛል። አጭር ናቸው፤ መጨረሻቸውን ሁሉም ሰው ያውቀዋል፤ ባለቤት ነኝ ብሎ የሚከሳችሁ የለም። እንቁላል በእግሩ ሲሄድ አስቡት። የእንቁላል እርምጃ ምን ይመስላል? ጉልበት የለው፣ ወገብ የለው። ወዲያና ወዲህ እየተንገዳገደ ነው የሚሄደው። ይኸው፣ የመጀመሪያ የእርምጃ ልምምዳችሁ ተገኘ።

እኔ በጣም የምወደው ግን «ድመት መንኩሳ ዓመሏን አትረሳ» የሚለውን ነው። ከጀማሪዎች ጋር ስሠራ ሁልጊዜ የምጀምረው በእሱ ነው። እስቲ አብረን እንሥራው።

አንድ ካሜራ፣ የማይንቀሳቀስ። ከኋላ ባዶ ግድግዳ፣ መሬት ላይ ሰሌን። ድመቷ ቆብ ደፍታ ተቀምጣለች። ዓይኗን ጨፍናለች። መቁጠሪያ ይዛለች፤ አንድ ጣቷ ብቻ ፍሬዎቹን እየገፋ ይቆጥራል። ሌላው ሰውነቷ ጸጥ ያለ ነው። (ምሳሌውን የተናገሩት አያቶቻችን ናቸው፤ እኔን እንዳትከሱ።) ሁለት ሰከንድ እንደዚህ እንይዘዋለን። ተመልካቹ «እሺ፣ መንኩሳለች» እንዲል ጊዜ ስጡት። ጀማሪ ይቸኩላል፤ እዚህ ጋ አትቸኩሉ።

አይጥ ከግራ ትገባለች። ቲክ ቲክ የሚል የእግር ድምፅ ብቻ። ድመቷ ዓይኗን አትከፍትም። አንድ ጆሮ ብቻ ወደ ድምፁ ይዞራል። አንድ ብቻ! ሁለቱም ጆሮ አብሮ ከዞረ ሮቦት ትሆናለች። ከዚያ መቁጠሪያው ይቆማል። ጣቷ አንድ ፍሬ ላይ እንደያዘ ቀረ። ከዚያ ሁለተኛው ጆሮ። ከዚያ አንድ ዓይን፣ ግማሹን ብቻ። አየች። ቶሎ ጨፈነችው። መቁጠሪያውን እንደገና ጀመረች፤ አሁን ግን በጣም በፍጥነት። ሳቁ ያለው እዚህ ነው። የምታፍር፣ ከራሷ ጋር የምትታገል ድመት አገኘን ማለት ነው። እስካሁን አንድ ቃል አልተነገረም።

አሁን ከቀሚሷ ሥር የጭራዋ ጫፍ ብቅ ይላል። ይወዛወዛል። ድመቷ አላወቀችም፤ ጭራው ግን ውሳኔውን ወስኗል። ቀጥሎ ከኋላ ወገቧ ዝቅ ይላል፤ ድመት ከመዝለሏ በፊት ዳሌዋን እንደምታወዛውዘው። ይህ መንደርደር ነው። ዘላይ ከመዝለሉ በፊት ወደ ኋላ ይላል፤ ድንጋይ ወርዋሪ ከመወርወሩ በፊት እጁን ወደ ኋላ ይስባል። የዲዝኒ አንጋፋ አኒሜተሮች ፍራንክ ቶማስና ኦሊ ጆንስተን እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተሙት መጽሐፍ 12 የአኒሜሽን መርሆዎችን ዘርዝረዋል፤ ከእነሱ አንዱ ይኸው ነው። መንደርደር ከሌለ ዝላዩ አይታመንም።

ዝላዩን ግን አንሥለውም። በቀጣዩ ፍሬም ድመቷ የለችም። ቆቡ ብቻ አየር ላይ ቀርቷል። ለትንሽ ጊዜ ይንሳፈፋል። ከዚያ ሰሌኑ ላይ ቱፍ ይላል። መቁጠሪያው ተከትሎት ይወድቃል። ከካሜራው ውጪ የሚንኮሻኮሽ ድምፅ። አለቀ።

ምን እንዳተረፋችሁ አያችሁ? ሩጫ አልሣላችሁም። ትግል አልሣላችሁም። ሙሉ ሰውነቷ እንደ አዲስ የተሣለበት ቦታ በጣም ጥቂት ነው። ጆሮ፣ ጣት፣ ዓይን፣ ጭራ፣ ቆብ፤ ሌላው ቆሞ ነው ያለው። ግን ትወና አለው። ቀጣሪ ደግሞ የሚፈልገው ትወናውን ነው።

ስለ ድመት ካነሣን ሌላም ድመት አለች። «ፍሎው» የሚለውን ፊልም ያያችሁ ትኖራላችሁ። ዳይሬክተሩ ጊንትስ ዚልባሎዲስ የላትቪያ ሰው ነው። የላትቪያ ሕዝብ 2 ሚሊዮን አይሞላም። ፊልሙ የተሠራው በብሌንደር ነው፤ ዛሬ ማታ ማንኛችሁም በነፃ አውርዳችሁ ላፕቶፓችሁ ላይ በምትጭኑት ፕሮግራም። እንስሳቱ አይናገሩም። እ.ኤ.አ. በ2025 የኦስካርን የአኒሜሽን ሽልማት ሲወስድ ካሸነፋቸው መካከል የፒክሳርና የድሪምወርክስ ፊልሞች ነበሩ። ይህን የምነግራችሁ «እናንተም ኦስካር ትወስዳላችሁ» ለማለት አይደለም። ሰውዬው ከዚያ በፊት ምን ሠራ የሚለው ነው ለእኔ ዋናው። መጀመሪያ አጫጭር ፊልሞችን ሠራ። ቀጥሎ እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ ሙሉ ፊልም ሙዚቃውን ጨምሮ ብቻውን ሠራ። ቡድን የሰበሰበው ከዚያ በኋላ ነው። ገንዘብ ያላቸው ሰዎች ያመኑት ያለቀ ነገር ስላሳያቸው ነው።

የእኛም አገር ታሪክ ከዚህ አይርቅም። ብዙዎቻችሁ በ«ፀሐይ መማር ትወዳለች» ያደጋችሁ ናችሁ። አስተማሪ የነበረችው ብሩክታዊት ጥጋቡ ከባለቤቷ ጋር ስትጀምረው በእጅ በሚንቀሳቀስ አሻንጉሊት ነበር። ቀጭኔዋ ፀሐይ እ.ኤ.አ. በ2006 በኢቲቪ ታየች፤ በኋላም በዓለም አቀፉ የጃፓን ሽልማት ላይ ተሸለመች። በአኒሜሽን የተሠሩት የ«ጥበብ ገርልስ» ሴት ልጆች የመጡት ከዓመታት በኋላ ነው። ይህም እጅ ላይ ባለው ነገር መጀመር ማለት ነው።

ፊልም ማየቱን አታቁሙ፤ አያያችሁን ግን ቀይሩ። ዩቲዩብ ላይ የምትወዱትን ቁራጭ አቁሙና የነጥብ ቁልፉን ተጫኑ። አንድ ፍሬም ወደፊት ይሄዳል። የኮማ ቁልፉ ወደ ኋላ ይመልሳል። ሦስት ሰከንድ የምትሆን ትዕይንት ምረጡና እንደዚህ ፍሬም በፍሬም ሂዱባት። ወረቀት ላይ ጻፉ፤ እጁ መቼ ተነሣ፣ ዓይኑ ከእጁ ቀደመ ወይስ ተከተለ፣ ስንት ፍሬም ቆሞ ቆየ። አንድ ምሽት እንደዚህ ያሳለፈ ልጅ አሥር ፊልም በፋንዲሻ ካየው የበለጠ ይማራል።

ከዚያ ላፕቶፑን ዝጉና ውጡ። ታክሲ ተራ ሂዱ። ወያላውን እዩት። አንድ እግሩ ደረጃው ላይ፣ አንድ እጁ በሩን ይዞ፣ ደረቱ ውጪ ነው። ሚኒባሱ ፍሬን ሲይዝ መኪናው ይቆማል፤ የወያላው ሰውነት ግን አይቆምም። መጀመሪያ ጭንቅላቱ ወደፊት ይሄዳል፣ ቀጥሎ ትከሻው፤ የያዘው ብር ያለበት እጅ መጨረሻ ላይ ይደርሳል። ነጠላ የለበሰች ሴት ዞር ስትል ደግሞ ነጠላው ከእሷ ዘግይቶ ይዞራል፤ እሷ ቆማ ጫፉ ገና ይወዛወዛል። ቡና የምትቀዳ ሴት ጀበናውን እየቀዳች ወደ ላይ ከፍ ታደርገዋለች፤ ክንዷ ቀጥ ብሎ ሳይሆን ታጥፎ ነው የሚወጣው። ሰዎች ትከሻ ለትከሻ ሲሳሳሙ ማን ቀድሞ ዝቅ እንደሚል እዩ፤ ዕድሜያቸውንና ዝምድናቸውን ከዚያ ትረዳላችሁ። ይህን የሚያስተምር ቪዲዮ የትም አታገኙም። በዚህ ነገር ከካሊፎርኒያው ልጅ ትበልጣላችሁ። እሱ የሚሠራው የሚያውቀውን ጎረቤት ነው፤ እናንተ ደግሞ እሱ የማያውቀው ጎረቤት አላችሁ።

አንድ ቴክኒካል ነገር ልጨምር፤ ይቅርታ፣ ይህን ስጀምር አላቆምም። ገጸ ባሕርይ አማርኛ ሲናገር ከንፈሩ እንዴት ይሁን? የከንፈር ማመሳሰያ ፕሮግራሞች በአብዛኛው የተሠሩት ለእንግሊዝኛ ነው። አማርኛ ስትሰጧቸው ይዘላብዳሉ። እኛ ግን ክፍል ግድግዳ ላይ የተሰቀለ የከንፈር ሰንጠረዥ ይዘን ነው ያደግነው። ፊደል ገበታው! መስታወት ፊት ቁሙና «መ ሙ ሚ ማ ሜ ም ሞ» በሉ። ሁሉም ከንፈር ዘግቶ ይጀምራል። ከዚያ ካዕቡ ከንፈርን ወደፊት ያሾላል፣ ሣልሱ ወደ ጎን ይስባል፣ ራብዑ መንጋጋን ያወርዳል፣ ሐምሱ ከሣልስ ትንሽ ከፈት ይላል፣ ሳብዑ ክብ ነው። ግዕዝና ሳድስ ላላ ያለ ትንሽ ክፍት አፍ ይበቃቸዋል። ስድስት አፍ ሣላችሁ ማለት ነው። በእነዚህ ላይ የተዘጋ ከንፈር ጨምሩ፤ ለመ፣ ለበ፣ ለፐ፣ ለጰ። አንድ ደግሞ የላይ ጥርስ የታች ከንፈር ላይ ያረፈበት፤ ለፈ። በእነዚህ ስምንት አፎች ማንኛውንም የአማርኛ ንግግር ማስኬድ ትችላላችሁ።

የሚያስቸግረው መጥበቅና መላላቱ ነው። «ይሰማል» ብላችሁ ጻፉ። ሰውዬው ራሱ የሚሰማ ከሆነ «ማ» ላልታ ትነበባለች፤ ድምፁ ከሩቅ የሚሰማ ከሆነ ትጠብቃለች። ጽሑፉ አንድ ነው፤ ከንፈሩ ግን ሲጠብቅ ተዘግቶ ቆየት ይላል። ያንን ሁለት ፍሬም ካልሰጣችሁት ተመልካቹ ምን እንደጎደለ አያውቅም፤ ግን የተተረጎመ ፊልም የሚያይ ይመስለዋል። ስለዚህ ከስክሪፕቱ ሳይሆን ከድምፁ ሥሩ። ድምፁ መጀመሪያ ይቀረጻል፤ አፉ ቀጥሎ ይሣላል።

ወደ ዕቃው እንምጣ፤ እዚህ ላይ ብዙ አልቆይም። ስልክ ብቻ ካላችሁ ፍሊፓክሊፕ ይበቃል። ኮምፒውተር ካላችሁ ብሌንደር፣ ክሪታ፣ ኦፕንቱንዝ፤ ሁሉም ነፃ ናቸው። ብሌንደር ውስጥ ግሪስ ፔንስል በሚባለው በእጅ መሣልም ይቻላል። ሥዕል በመደበኛ ለመማር ዕድሉ ካላችሁ፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአለ ፈለገ ሰላም የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤትም ይሁን ሌላ ቦታ፣ ተማሩ። ዕቃ እስክገዛ የሚል ሰው ግን ዕቃውን ሲገዛም አይጀምርም።

አንድ ነገር ብቻ በደንብ ያዙልኝ። ሬንደር ስታደርጉ፣ ማለት ኮምፒውተሩ ሥራችሁን ወደ መጨረሻው ምስል ሲለውጠው፣ በቀጥታ ወደ ቪዲዮ አታውጡ። ፒኤንጂ በሚባለው የምስል ፋይል፣ እያንዳንዱን ፍሬም ለብቻው አውጡ። ለምን? ከ240 ፍሬም 200ው ላይ መብራት ቢጠፋ ያ ቪዲዮ ላይከፈት ይችላል። በፒኤንጂ ከሆነ ግን ያለቁት ፍሬሞች ፎልደሩ ውስጥ አሉ፤ መብራት ሲመጣ ከቆመበት ትቀጥላላችሁ። መጨረሻ ላይ እዚያው ብሌንደር ውስጥ ወደ ቪዲዮ ትገጣጥሙታላችሁ። ይህን የሚያውቅ ሰው በዚህ ከተማ በሰላም ይተኛል።

ሁሉም ሰው መሣል የለበትም፤ ይህን ለተጨነቁት ልንገራቸው። ዛምቢያዊቷ ማሌንጋ ሙሌንዴማ የአኒሜሽን ትምህርት ሳይኖራት እ.ኤ.አ. በ2015 ትሪገርፊሽ የተባለው የደቡብ አፍሪካ ስቱዲዮ ባዘጋጀው የታሪክ ውድድር አሸነፈች። የጻፈችው የአራት ሴት ልጆች ታሪክ «ሱፓ ቲም 4» ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2023 ኔትፍሊክስ ላይ ወጣ። ደራሲ ትፈለጋላችሁ። ድምፅ ሠሪ ትፈለጋላችሁ። ሪግ የሚሠራ፣ ማለት ለገጸ ባሕርዩ አጥንትና መገጣጠሚያ የሚያበጅ ሰው፣ ሁልጊዜ እጥረት አለበት። ከአጠገባችሁ የተቀመጠውን ልጅ ስልክ ቁጥር ሳትቀበሉ እንዳትወጡ።

ገንዘቡስ? አዲስ አበባ ውስጥ ያለው የአኒሜሽን ሥራ በአብዛኛው የፊልም ሥራ አይደለም። ማስታወቂያ ነው። ስለ ክትባት፣ ስለ ቁጠባ፣ ስለ ንጽሕና የሚያስረዳ አጭር ቪዲዮ ነው። የልጆች መዝሙር ለዩቲዩብ ነው። አትናቁት። የሳሙና ማስታወቂያ ላይ የተማርኩት የጊዜ አያያዝ ዛሬም ይጠቅመኛል። ግን በሥርዓት ያዙት። ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት ቀብድ ተቀበሉ፤ ግማሹን። በደረጃ አስጸድቁ፤ ስክሪፕቱን፣ ስቶሪቦርዱን (ታሪኩ በተከታታይ ሥዕል የተነደፈበትን)፣ ድምፁን። የማሻሻያው ብዛት በጽሑፍ ይቀመጥ፤ በቴሌግራምም ቢሆን ጽሑፍ ጽሑፍ ነው።

አንድ ደንበኛ ነበረ። ስሙ ይቅር። ሁሉም ጸድቆ፣ ገጸ ባሕርዩ አፉን ከፍቶ ዘግቶ ካለቀ በኋላ «ተናጋሪው ወንድ ከሚሆን ሴት ብትሆን» አለ። «ትንሽ ነገር ነው፣ ድምፁን ብቻ ቀይረው።» ድምፅ ሲቀየር እኮ ፍጥነቱ ይቀየራል፤ እያንዳንዱ አፍ እንደገና ይሠራል። በነፃ ይሠራልኝ ብሎ ድርቅ አለ። ጽሑፉ ባይኖር ኖሮ እኔም ምንም ማለት አልችልም ነበር። ደግሞ የመጨረሻውን ፋይል ክፍያው ሳያልቅ አትልቀቁ። እስከዚያ ስማችሁ ከላዩ የተጻፈበትን፣ ጥራቱ ዝቅ ያለውን ላኩ።

ሥራ ስትጠይቁ የምትልኩት ሾውሪል፣ ማለት የምርጥ ሥራዎቻችሁ ማሳያ ቪዲዮ፣ ከአንድ ደቂቃ አይለፍ። ምርጡ መጀመሪያ ይሁን፤ ቀጣሪ እስከ መጨረሻው ላያይ ይችላል። ከዩቲዩብ ትምህርት ተከትላችሁ የሠራችሁትን አታስገቡ፤ ያንኑ ትምህርት ሌላ መቶ ሰው ተከትሎታል። በቡድን ከሆነ እናንተ የሠራችሁትን ለይታችሁ ጻፉ። አንዲት የመነኮሰች ድመት ብቻ ብትኖራችሁ፣ እሷን ብቻ ላኩ።

ስለ ኤአይ አስቀድማችሁ በወረቀት የጠየቃችሁ አላችሁ። አልዋሻችሁም፤ በጥድፊያ የሚሠራ ርካሽ ማስታወቂያ ወደዚያ እየሄደ ነው። ነገር ግን ደንበኛው «ድመቷ ዓይኗን ትንሽ ዘግይታ ትክፈት» ሲል የትኛው ፍሬም ላይ እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋል። ያንን የሚያውቀው ደግሞ በእጁ የሠራ ነው። ለዚህ ነው ጀማሪ ሆናችሁ አቋራጩን አትያዙ የምለው።

ወላጆቻችሁን በተመለከተ... እናቴ ለጎረቤት «ኮምፒውተር ላይ ይሠራል» ነበር የምትለው። ካርቱን ይሥላል ማለት ከብዷት ነው። አንድ ቀን የሠራሁት ማስታወቂያ ከዜና በፊት ታየ፤ ከዚያ ወዲህ ማንም እንግዳ ሳያየው ከቤት አይወጣም። ክርክር አያስፈልግም፤ ያለቀ ነገር አሳዩአቸው።

እንግዲህ ንግግሩ ይበቃል። ወረቀትና እርሳስ በየወንበሩ ተቀምጦላችኋል። የድመቷን አምስት ዋና ዋና አቋሞች ሣሉልኝ፤ ሃያ ደቂቃ አላችሁ። ላፕቶፕ የያዛችሁ ወደዚህ ጠረጴዛ ኑ፤ ያንን የፒኤንጂ ነገር አብረን እናስተካክላለን።